ደረሰኙን አትጣሉ

ጭሮ ላይ ለአቅመ ደካሞች በነፃ ጥብቅና ስንቆም፣ የስደት ጉዳይ ይዞ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ስደተኛው ራሱ አይደለም። እናት ናት፣ ወይም ታላቅ ወንድም። ልጁ ከሚኤሶ ወይም ከበዴሳ ተነሥቶ በጅቡቲ አድርጎ፣ ከኦቦክ በጀልባ የመን ገብቷል። ከዚያ ስልክ ይደወላል፤ ተይዟል፣ ገንዘብ ላኩ ይባላል። ቤተሰቡ በሬውን ይሸጣል፣ የጫት ማሳውን ያስይዛል፣ ይልካል። እኛ ዘንድ የሚደርሱት ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው።

ቀድመው የሚነግሩኝ «በፈቃዱ ነው የሄደው» ብለው ነው፤ እንደ ጥፋተኛ አንገታቸውን ደፍተው። አዋጅ ቁጥር 1178/2012 ግን እንዲህ አይልም። ተታሎ፣ ተገዶ ወይም ችግሩ መጠቀሚያ ሆኖ ለብዝበዛ የተመለመለ ሰው እሺ ማለቱ ደላላውን ነፃ አያወጣውም። ልጁ ለአካለ መጠን ካልደረሰማ መታለሉን ማስረዳት እንኳ አያስፈልግም። ይህን በኦሮምኛ ረጋ ብዬ ስነግራቸው ነው ጥያቄ መጠየቅ የሚጀምሩት።

ጀማሪ የሕግ ባለሙያ ስለ ድብደባው፣ ስለ ረሃቡ ይጠይቃል። እኔ ገንዘቡን አስቀድማለሁ። «እናቴ፣ ብሩን ለማን ሰጡ? በእጅ ነው በባንክ?» ከሻርፓቸው ጫፍ ቋጠሮ ፈትተው በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት ያወጣሉ፤ እጥፋቱ ላይ ቀለሙ የለቀቀ የባንክ ደረሰኝ። የተቀባዩ ስም፣ የሂሳብ ቁጥሩ፣ ቀኑ ግን ይነበባል። ገንዘቡ የተጠየቀው ከየመን ነው፤ የገባው እዚሁ አገር ውስጥ ባለ ሂሳብ ነው። ለዐቃቤ ሕግ ከዚህ የተሻለ መነሻ የለም። በኢሞ የመጣውንም የድምፅ መልእክት አታጥፉ እላለሁ፤ ስልኩ ሳይሸጥ፣ ሳይበላሽ እንቅዳው።

ክሱን ግን አላጣድፍም። ደላላው ጎረቤት ነው፣ አንዳንዴም የሥጋ ዘመድ፤ ልጁ ደግሞ ገና በአጋቾቹ እጅ ሊሆን ይችላል። ወንጀል ቶሎ ካልተነገረ ማስረጃ ይጠፋል የሚሉኝ ባልደረቦች አሉ፤ እውነታቸውን ነው። ቢሆንም ልጇ በሕይወት መኖሩን ያላወቀች እናት ፖሊስ ጣቢያ እንድትሄድ መገፋፋት አይሆንልኝም። ግልባጩን አስቀምጬ እጠብቃለሁ።

በኤጀንሲ የሄዱት ይሻላሉ። በአዋጅ ቁጥር 923/2008 ኤጀንሲው ለሥራ ውሉ ከአሠሪው ጋር በአንድነትና በነጠላ ተጠያቂ ስለሆነ፣ ሪያድ ደመወዝ የተከለከለች ልጅ አዲስ አበባ ያለውን ኤጀንሲ መጠየቅ ትችላለች። የውሉን ፎቶ ለቤተሰቧ ትታ ከሄደች ሥራችን ይቀላል።

የሚከብደው ወሬው የጠፋው ሰው ጉዳይ ነው። ሂዩማን ራይትስ ዎች በነሐሴ 2015 የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ስደተኞችን መግደላቸውን ሪፖርት ካደረገ ወዲህ፣ በዚያ መስመር ሄዶ ድምፁ የጠፋ ልጅ ያላቸው ሰዎች ጥርጣሬያቸው በርትቷል። አስከሬን የለም፣ የሞት ማስረጃ የለም፤ ሚስት ግን ልጆች ታሳድጋለች፣ መሬቱም ባለቤት ይፈልጋል። የ1952 የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 154 ወሬው ሳይሰማ 2 ዓመት ያለፈው ሰው የመጥፋት ውሳኔ እንዲሰጥበት ማመልከት ይፈቅዳል። አቤቱታውን መጻፍ ቀላል ነው፤ ማስፈረሙ ነው የሚከብደው። ባሏን በእጇ የምትቀብረው ይመስላታል። ስለዚህ አስቀድሜ እነግራታለሁ፤ ሰውየው በሕይወት ከመጣ ውሳኔው ይቀራል፣ ንብረቱንም ባለበት ሁኔታ ይረከባል። አንዳንዷ ይህን ሰምታ ትፈርማለች፤ አንዳንዷ አንድ ዓመት ልጨምርለት ብላ ወረቀቷን ይዛ ትመለሳለች።