ከ5 በታች የሆኑ ተጠባቂ ቁጥሮችና የካይ ስኩዌር ፈተና

የካይ ስኩዌርን የመጣጣም ፈተና የሚያስተምሩ መጻሕፍት አብዛኛዎቹ ጉዳዩን በአንድ አጭር ትእዛዝ ያልፉታል፤ በማናቸውም ምድብ የሚጠበቀው ቁጥር ከ5 ማነስ የለበትም ይላሉ። ለምን 5 እንደ ሆነ ግን አያስረዱም። ተማሪውም ትእዛዙን ወይ ጨርሶ ይዘነጋዋል፣ ወይ ያለ ማመዛዘን ይፈጽመዋል። የሁለቱም ጉዳት በአንድ የታወቀ ሠንጠረዥ ሊታይ ይችላል።

ላዲስላውስ ቦርትኬቪች እ.ኤ.አ. በ1898 ባሳተመው መጽሐፍ በፕሩሲያ ጦር በፈረስ ርግጫ የሞቱትን ሰዎች ቁጥር አቅርቧል። ከ14ቱ ኮሮች 4ቱ ተለይተው ሲወጡ፣ የ10 ኮሮች የ20 ዓመት መዝገብ 200 ዓመታዊ ቁጥሮችን ይሰጣል። በ109ኙ ማንም አልሞተም፤ በ65ቱ 1፣ በ22ቱ 2፣ በ3ቱ 3፣ በአንዱ 4 ሰዎች ሞተዋል። ድምሩ 122፣ አማካዩ 0.61 ነው። በፖይሶን ሥርጭት የሚጠበቁት በቅደም ተከተል 108.67፣ 66.29፣ 20.22፣ 4.11 እና 0.63 ሲሆኑ፣ ለ5ና ከዚያ በላይ የሚቀረው 0.08 ብቻ ነው። ስድስቱ ምድቦች ሳይጣመሩ ቢሰላ ካይ ስኩዌር 0.79 ይሆናል፤ መጣጣሙ እጅግ መልካም ነው።

4 ሰዎች የሞቱበት ኮር 5 ሞተውበት ቢሆን ኖሮ፣ ማለትም በ20 ዓመት ውስጥ አንድ ሞት ብቻ ቢጨመርና ተጠባቂዎቹ እንደገና ቢሰሉ፣ ውጤቱ 10.57 ይደርሳል። በ4 የነፃነት ድግሪ፣ በ5 በመቶ ደረጃ ወሳኙ ቁጥር 9.49 ስለሆነ ሥርጭቱ ውድቅ ይደረጋል። ከዚህም ውስጥ 9.43ቱ የመጣው 0.09 ብቻ ከሚጠበቅባት የመጨረሻዋ ምድብ ነው። አንድ የፈረስ ርግጫ ስለ 200 ቁጥሮች ይህን ያህል ሊመሰክር አይገባውም! 3ና ከዚያ በላይ ያሉት በአንድነት ቢቆጠሩ ግን ውጤቱ ከ0.32 ወደ 0.33 ብቻ ይንቀሳቀሳል።

ትእዛዙን ቃል በቃል የሚከተል ሰው በዚህ አይቆምም። የተጣመረው ምድብ ተጠባቂ 4.82 በመሆኑ፣ 2 ሞት ከታየባቸው ጋር ደግሞ ይቀላቅለዋል። ስለ 0.18 ጉድለት ሲባል የሥርጭቱ ጫፍ፣ ማለትም ዋናው ጥርጣሬ የሚነሣበት ክፍል፣ ከሠንጠረዡ ይጠፋል። ኮክራን እ.ኤ.አ. በ1954 ባወጣው ጽሑፍ፣ አንድ ከፍታ ብቻ ላላቸው ሥርጭቶች በጫፉ ምድብ ቢያንስ 1 ከተጠበቀ እንደሚበቃ አመልክቷል። በዚህ መለኪያ 4.82 በደኅና ያልፋል፤ ለ4ና ከዚያ በላይ የሚጠበቀው 0.71 ግን አያልፍም።

የማጣመሩ ውሳኔ ከተጠባቂዎቹ ቁጥሮች ብቻ መነሣት አለበት፤ የታዩትን ተመልክቶ የሚያጣምር ሰው የሚወደውን ውጤት ሊያወጣ ይችላልና። የነፃነት ድግሪውም የሚታሰበው ከተጣመሩ በኋላ ከቀሩት ምድቦች ነው። ከ4ቱ ምድቦች 1 ይቀነሳል፤ አማካዩ ከራሱ ከመዝገቡ ስለ ተሰላ ሌላ 1 ይቀነሳል (ይህን ሁለተኛውን ቅነሳ የሚረሱ ጥቂቶች አይደሉም)፤ የሚቀረው 2፣ ወሳኙ ቁጥርም 5.99 ነው።