ሂስና ምርቃት

ሂስ ከደራሲው ይልቅ ለአንባቢው ዕዳ አለበት። በፈረስ ቤት ወይም በቡሬ የሚኖር መምህር አዲስ አበባ የታተመን መጽሐፍ ገልጦ ሳያይ፣ የሐያሲውን ቃል አምኖ ገንዘቡን ይልካል። ሐያሲው ለአሳታሚው ካደላ የሚጎዳው ይኸው ሰው ነው።

የጎጃም የቅኔ ጉባኤ ለዚህ ጉዳይ አብነት ይሆናል። ተማሪው አኮፋዳውን ይዞ ቁራሽ እየለመነ ይማራል፤ በቆጠራ ያሰናዳውን ቅኔ በነገራ ሰዓት ለመምህሩ ያሰማል። ቤቱ ሳይመታ ወይም ሰሙና ወርቁ ሳይገጥም ሲቀር መምህሩ በጓደኞቹ ፊት ያርመዋል። ፍርዱ የሚከበረው የሚፈረድበት ሰው ስላልከፈለበትና ጉባኤው ስለሚሰማው ነው። አዝማሪ ግን የሸለመውን ያወድሳል። ሽልማቱ በአደባባይ ስለሚሰጥ አድማጩ ውዳሴውን በልኩ ይወስደዋል፤ ነውርም የለበትም። ጥፋቱ የሚመጣው አዝማሪው በመምህሩ ወንበር ሲቀመጥ ነው።

ይህ መቀላቀል በኮምፒውተር ጨዋታ ንግድ ጎልቶ ታይቷል። ጄፍ ገርስትማን የተባለው አሜሪካዊ ሐያሲ በኅዳር 2000 ዓ.ም. ጌምስፖት ከተባለው የኢንተርኔት መጽሔት ተሰናበተ። ኤይዶስ ላሳተመው «ኬን ኤንድ ሊንች» ለተባለ ጨዋታ ከ10 ውስጥ 6 ነጥብ ሰጥቶ ነበር፤ የዚያው ጨዋታ ማስታወቂያም በመጽሔቱ ገጾች ላይ በሰፊው ተዘርግቶ ነበር። ባለቤቱ ኩባንያ የአሳታሚ ግፊት የለም ቢልም፣ አንዳንድ ባልደረቦቹ ተከትለውት ለቀቁ። ስለ ነገሩ እንዳይናገር ያሰረው ውል በ2004 ዓ.ም. ሲነሣ፣ አሳታሚዎች ማስታወቂያቸውን እንደሚያነሡ ይዝቱ እንደ ነበርና ኃላፊዎቹም ለዚህ እጃቸውን መስጠታቸውን ራሱ ገለጸ።

በአገራችን የመጽሐፍ ምረቃ ላይ ግፊቱ ብዙ ጊዜ የሚመጣው በዛቻ ሳይሆን በይሉኝታ ነው። ገምጋሚውን የሚጋብዘው ደራሲው ወይም አሳታሚው ነው፤ በደስታ ቀን ጉድለት መንቀስም እንደ ክፉ ጠባይ ይቆጠራል። ስለዚህ ሂሱ ምርቃት ይሆናል። ከሥራው የሚባረር ሐያሲ የለም፤ ቀድሞውኑ የሚጠራው የሚያወድሰው ነውና።

ምርቃት በቦታው መልካም ነው። ግምገማው ግን ከድግሱ ተለይቶ፣ አዘጋጁ ራሱ በመረጠው ሐያሲ ሊጻፍ ይገባል፤ ሐያሲው ከደራሲው ጋር ያለው ዝምድናም ለአንባቢ ይነገር። ጉድለቱ ያልተነገረው ደራሲ ያንኑ ጉድለት በሚቀጥለው መጽሐፉ ይደግመዋል፤ ዋጋውንም የሚከፍለው የፈረስ ቤቱ አንባቢ ነው።