ቀለበትን በዐይን ስለ መቍጠር

የእሳተ ገሞራን እንቅስቃሴ በሳተላይት ወደምንከታተልበት ሙያ በቅርቡ የገባ አንድ ወጣት፣ ኮምፒዩተር ፈጥኖ የሚፈጽመውን ሥራ እርስዎ ለምን በራዳር ሥዕሉ ላይ አጎንብሰው የቀለም ቀለበት ሲቈጥሩ ይውላሉ ሲል በትሕትና ጠየቀኝ፤ ጥያቄው የብዙ ባልንጀሮቼም ስለ ሆነ መልሱን በጽሑፍ መስጠት ወደድሁ።

ከሁለት የተለያዩ ዕለታት የሴንቲኔል 1 ሳተላይት ምልከታዎች በሚሠራ ሥዕል ላይ አንድ የቀለም ዙር ምድር ወደ ሳተላይቱ 2.8 ሳንቲ ሜትር መቅረቧን ወይም መራቋን እንደሚያመለክት እናውቃለን፤ ፕሮግራሙም ዙሮቹን ደምሮ ቍጥር ያወጣል። ነገር ግን በመስከረም 1998 ዓ.ም. በአፋር ዳባሁ፣ ቅልጥ ዐለት 60 ኪሎ ሜትር ያህል የምድር ውስጥ ስንጥቅ እስከ 8 ሜትር በከፈተ ጊዜ እንደ ታየው፣ ከስንጥቁ አጠገብ ቀለበቶቹ እጅግ ተጠጋግተው ይደፈርሳሉ፤ ዐይን በዚያ ወሰን ላይ ሲቆም፣ ፕሮግራሙ ግን ድፍርሱን ተሻግሮ የተስተካከለ የሚመስል ሐሰተኛ ቍጥር ሊያቀርብ ይችላል። በአየር ያለው የውሃ እንፋሎትም የራዳሩን ሞገድ ስለሚያዘገይ አንድ ተራራ ሳይነፋ የተነፋ ያስመስላል፤ ይህንም የሚለይ፣ አንድ ዕለት የሚጋሩ ሁለት ሥዕሎችን አቅርቦ፣ በአንደኛው የታየው ቀለበት በሁለተኛው ተገልብጦ እንደ ሆነ የሚመረምር ታጋሽ ሰው ነው።

አደጋ አይጠብቅም የሚሉኝ አሉ። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በዶፈን እሳተ ገሞራዎች መካከል ምድር ደጋግማ ስትንቀጠቀጥ፣ ሳተላይቱ በዚያው መንገድ የሚመለሰው በየ12 ቀኑ ነበር፤ እንግዲህ የእኔ የአንድ ሰዓት ቈጠራ ማንን አዘገየ? በአሥር ሺዎች የሚቈጠር ሕዝብ ቤቱን ትቶ ከብቱን ይዞ በሚፈልስበት ሰዓት፣ ያልተመረመረ ቍጥር መላክ ፍጥነት ሳይሆን ድፍረት ነው።

እኔ ምድር ጽኑዕ መሠረት ናት እየተባልሁ ያደግሁ ሰው ነኝ። የአሉቶ እሳተ ገሞራ ሳይፈነዳ ከፍና ዝቅ ሲል፣ የሐዋሳ ጎረቤት ኮርቤቲም ዓመት በዓመት ሲነሣ ባየሁ ጊዜ ሃይማኖቴ አልተናወጠም፤ ይልቁንም ለፍጥረት ያለኝ ፍርሃትና ፍቅር በዛ፣ ቀለበት መቍጠሩም እንደ ዳዊት መድገም የዕለት ሥርዐቴ ሆነ።

ስለዚህ ልጄ ሆይ፣ ፕሮግራሙን ተጠቀምበት፤ ነገር ግን ቀለበቱን በገዛ ዐይንህ ሳትቈጥር፣ የደፈረሰውንም ስፍራ በግልጽ ሳትከልል፣ ቍጥሩን ለቀበሌም ለሚኒስቴርም አትላክ።