ሶለልና የሕፃናት የስልተ ምት ትምህርት

ስለ ሕፃናት ትምህርት የሚጽፉ ሰዎች፣ ስልተ ምትን በጆሮ ብቻ ሳይሆን በዐይን፣ በእጅና በእግርም ማስተማርን ከአውሮፓ የመጣ አዲስ ጥበብ አድርገው መናገር ያዘወትራሉ። ለአሳቡ መነሻ የሚሆን እውነት አለ። ከ1892 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጄኔቭ የሙዚቃ መምህር የነበረው ኤሚል ዣክ-ዳልክሮዝ፣ ተማሪዎቹ ኖታውን እያነበቡ ምቱን ግን በሰውነታቸው እንደማያውቁት ተመልክቶ፣ እየተራመዱና እያጨበጨቡ እንዲማሩ አደረገ። ካርል ኦርፍም ከ1924 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሙኒክ ሙዚቃን ከእንቅስቃሴ ጋር አጣምሮ አስተማረ። የሁለቱም ድካም የሚመሰገን ነው። ይሁን እንጂ እነርሱ ያደረጉት ትምህርት ቤት የለያየውን ጆሮና እግር መልሶ ማገናኘት ነው፤ በቆቦና በራያ ቆላ ግን በጨዋታው ውስጥ ሁለቱ ሳይለያዩ ኖረዋል።

ከወልድያ ወደ አላማጣ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በቆቦና በዙሪያዋ በተዘረጋው የማሽላ ሜዳ፣ የፍልሰታ ጾም ሲፈታ ከነሐሴ 16 ቀን ጀምሮ ልጃገረዶች የሚጫወቱት በዓል ሶለል ይባላል። በዋግ ሻደይ፣ በላስታ አሸንድዬ ከሚባሉት ጋር ዘመዳማ ነው። ለተመልካች የበዓሉ ባለቤቶች ለአቅመ ሔዋን የደረሱት ብቻ ይመስሉታል፤ ትምህርቱ የሚጀምረው ግን ከእነርሱ በታች ነው። በጀርባ የታዘለች ሕፃን የከበሮውን ድምፅ በጆሮዋ ስትሰማ፣ የአዛይዋ ትከሻና ወገብ በዚያው ምት ያወዛውዛታል። መራመድ ስትችል የታላላቆቿን እግር በዐይኗ እየተከተለች ታጨበጭባለች። ቀጥሎ አውራጇ ስታወርድ ከተቀባዮቹ ጋር ትቀበላለች። ከበሮው ግን በልምድ ለበሰለችው ይተዋል። እንግዲህ የመጀመሪያው መምህር ጀርባ ነው፤ ጆሮ፣ ዐይን፣ እጅና አፍ በዚያ ላይ ይጨመራሉ።

ይህን ሥርዓት የአጋጣሚ ነገር ነው ብሎ ማለፍ አይቻልም። በካናዳ የማክማስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ፊሊፕስ-ሲልቨርና ትሬይነር በ2005 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ የሰባት ወር ሕፃናትን ጎላ ያለ ምት የሌለው ባለ ስድስት ምት ድምፅ አሰምተዋቸው ነበር። ከሕፃናቱ ገሚሶቹን በየሁለተኛው፣ ገሚሶቹን በየሦስተኛው ምት ከፍ ዝቅ አደረጓቸው። ኋላም እያንዳንዱ ሕፃን ሰውነቱ ከተንቀሳቀሰበት አካሄድ ጋር የሚስማማውን ድምፅ አብልጦ አዳመጠ። ዐይናቸው የተሸፈነውም እንዲሁ አደረጉ፤ ሌላ ሰው ሲንቀሳቀስ ብቻ የተመለከቱት ግን እንዲህ ያለ ምርጫ አላሳዩም። ጥናቱ ስለ ጨቅላዎች እንጂ ስለ ስምንትና ስለ ዐሥር ዓመት ልጆች የሚናገር ስላልሆነ፣ ከሚገባው በላይ መዘርጋት አይገባም። ቢሆንም መመልከት መካፈልን እንደማይተካ የሚጠቁም ነው።

የቤተ ክርስቲያን የአቋቋም ትምህርትም ወደዚሁ ያመራል። አንዱ ዜማ አስቀድሞ ያለ መሣሪያ በቁም ይባላል፤ ቀጥሎ በመቋሚያ ይዘመማል፤ ከዚያ በከበሮና በጸናጽል ይረገዳል፤ በጽፋትም ጭብጨባ ይታከልበታል። በድጓው ላይ የተጻፈው ምልክት ለዐይን መሪ ነው፤ ደቀ መዝሙሩ ግን ካልዘመመና ካልረገደ ተማረ አይባልም።

ከዚህ አንጻር ሲመዘን፣ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ሶለልንና ዘመዶቹን ወደ መድረክ የማውጣቱ ልማድ ብርቱ ጥያቄ ያስነሣል። መድረኩ ለበዓሉ ስምና ክብር መስጠቱ፣ ከአገሩ ውጭም ማስታወቁ አይካድም። ነገር ግን የተመረጡ ልጃገረዶች አንድ ዓይነት ልብስ ለብሰው በድምፅ ማጉያ ፊት ሲጫወቱ፣ ታናናሾቹ ከክቡ ወጥተው ተመልካች ይሆናሉ። በሠፈር ውስጥ ጨዋታው የተሳሳተች ሕፃን ያለ ነቀፋ የምትታረምበት ነበር፤ በመድረክ ላይ ግን ስሕተት ነውር ስለሆነ ሕፃናት አይቀርቡም። በዚህ ዓይነት በዓሉ እየደመቀ ሳለ ትምህርቱ ሊደርቅ ይችላል። ጨዋታውን በመዋዕለ ሕፃናት በሰሌዳ ላይ ጽፎ በቃል ማስጠናትም ያንኑ ጉድለት ይደግማል።

ነገሩን የሚያከብደው የአገሩ የቅርብ ታሪክ ነው። በ2014 ዓ.ም. ነሐሴ 18 ቀን ጦርነቱ በቆቦ አካባቢ እንደ ገና ሲቀሰቀስ ጊዜው የሶለል ሰሞን ነበር። ከአካል ወደ አካል የሚተላለፍ ዕውቀት፣ አንድ ክረምት ሲቋረጥ አንድ የዕድሜ እርከን ይጎድልበታል፤ ጉድለቱንም የተቀረጸ ፊልም ብቻውን አይሞላውም። ስለዚህ የሶለል መጠበቅ ሊመዘን የሚገባው በመድረኩ ፊት በተሰበሰበው ሕዝብ ብዛት ሳይሆን፣ ገና ምቱን ሳይችሉ ወደ ክቡ በሚገቡት ሕፃናት ቍጥር ነው።