ለድሮ ኮምፒውተር ሎጂክ አናላይዘር ስትገዙ የሜጋኸርዙ ቁጥር አያታላችሁ

በመሥሪያ ቤት መጋዘን አቧራ የለበሰ የድሮ ኮምፒውተር አይታችሁ ታውቁ ይሆናል። ቁርጥራጭ ብረት ነው ብላችሁ አትለፉት። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የነበሩ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች በየራሳቸው የፊደል ኮድ ይጠቀሙ ስለነበር፣ የዚያን ጊዜ ደብዳቤ ዛሬ ላፕቶፕ ላይ ሲከፈት ትርጉም የለሽ ምልክት ሆኖ ሊወጣ ይችላል። ማሽኑን ማስነሳት አንዳንዴ ሰነዱን ማዳን ነው።

እሺ፣ ማሽኑ አልነሳም አለ እንበል። መጀመሪያ በመልቲሜትር 5 ቮልቱና 12 ቮልቱ መኖራቸውን እዩ። ካሉ ተራው የሎጂክ አናላይዘር ነው፤ በብዙ ሽቦዎች የሚያልፈውን 0 እና 1 በአንድ ጊዜ መዝግቦ ስክሪን ላይ የሚያሳይ መሣሪያ።

ማስታወቂያው የሚጮኸው አንድ ቁጥር ነው፦ ሜጋኸርዝ። ባለ 100፣ ባለ 200፣ ባለ 500! ለድሮ ማሽን ግን ይህ ቁጥር ከሚገባው በላይ ተከብሯል። እስቲ አስሉት። በ1981 እ.ኤ.አ. የወጣው አይቢኤም ፒሲ፣ 8088 ፕሮሰሰሩ በ4.77 ሜጋኸርዝ ነው የሚሠራው፤ አንዱ ምት 210 ናኖሰከንድ ገደማ ይፈጃል። ርካሹ ባለ 24 ሜጋኸርዝ፣ ባለ 8 ቻናል የዩኤስቢ አናላይዘር በየ42 ናኖሰከንዱ ያያል። በአንድ ምት 5 ጊዜ ማለት ነው፤ ይበቃል።

ይልቅ «የሚያየው መቼ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ጥር 23 እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞችን በዓል ያየ ሰው ነገሩ አይከብደውም። በየሰከንዱ ፎቶ ብታነሱ አንዱን ፈረስ ሁለቴ ታነሱታላችሁ፣ ሌላው ያመልጣችኋል። አንድ መስመር በረገጡ ቁጥር ብታነሱ ግን ሁሉንም አንድ አንድ ጊዜ ታገኛላችሁ። ርካሹ መሣሪያ በራሱ ሰዓት ነው የሚያነሳው፤ ውዶቹ በማሽኑ ምት ማንሳት ይችላሉ። ፕሮግራሙን ትእዛዝ በትእዛዝ ለመከተል ይህ ያስፈልጋል። ቻናልም እንዲሁ፦ 8088 20 የአድራሻ መስመሮች አሉት፤ በ8 ቻናል ሁሉንም በአንዴ ማየት አይቻልም።

ግን አይዟችሁ፣ ላልነሳ ማሽን የመጀመሪያዎቹ ጥያቄዎች ቀላል ናቸው። ክሎኩ ይመታል? ሪሴቱ ተለቋል? የማንበቢያው መስመር ይንቀሳቀሳል? ለዚህ 4 ወይም 5 ሽቦ ይበቃል።

ሁለት እውነተኛ ጉድለቶችን ግን እወቁ። አንደኛ፣ አናላይዘር ይደብቃል። በድሮዎቹ ቲቲኤል ቺፖች ከ0.8 ቮልት በታች 0፣ ከ2 ቮልት በላይ 1 ነው። መሐል ላይ የተንጠለጠለ የታመመ ሲግናል ስክሪኑ ላይ ጤነኛ መስሎ ይታያል፤ እሱን የሚያጋልጠው ኦሲሎስኮፕ ነው። ሁለተኛ፣ መሣሪያው 5 ቮልት መቻሉን ሳታረጋግጡ አትሰኩ። የካርድ ማስገቢያው ላይ ደግሞ +12 እና −12 ቮልት አለ፤ አንድ የተሳሳተ ንክኪ መሣሪያውን ሊያቃጥለው ይችላል።

ፍርዴ ይኸው፦ ዳንግላ ወይም እንጅባራ ላይ ገንዘብ ያዋጣ የተማሪዎች ክበብ ባለ 8 ቻናሉን ይግዛ። ፐልስቪው የሚባለው ነፃ ሶፍትዌር አንዴ ከወረደ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ ከመግዛታችሁ በፊት መሣሪያው ከእሱ ጋር መግባባቱን አጣሩ። የተረፈውን ብር ለጥሩ መቆንጠጫ አውሉት። የቺፕ እግር ላይ የማይረጋ መቆንጠጫ ይዞ ባለ 500 ሜጋኸርዝ መግዛት ትርፉ ኪሳራ ነው።