አብረን እንያት

በማዋለጃ ክፍል ስሠራ ማግኒዚየም ሰልፌትን ያህል ከሐኪሞች ጋር ያጋጨኝ መድኃኒት የለም። በእርግዝና ደም ግፊቷ ያሻቀበባትን እናት እንዳያንቀጠቅጣት ይጠብቃታል፤ ሲበዛባት ግን ትንፋሿን ሊያቋርጥ ይችላል። ስለዚህ እያንዳንዱ ዶዝ ከመሰጠቱ በፊት እኛ ነርሶች ሦስት ነገር እናያለን፦ ጉልበቷ ሲመታ እግሯ ይወረወራል ወይ? በደቂቃ ቢያንስ 16 ጊዜ ትተነፍሳለች ወይ? ባለፉት 4 ሰዓታት ሽንቷ በሰዓት ከ30 ሚሊ ሊትር አላነሰም ወይ?

ገና ጀማሪ ሳለሁ አንድ ሌሊት የአንዲት ወላድ ሽንት በ4 ሰዓት 70 ሚሊ ሊትር ብቻ ሆነ። ጉልበቷን ብመታው እግሯ ንቅንቅ አላለም። ተረኛው ሐኪም «ኦርደሩ ተጽፏል፣ ስጪያት» አለኝ። እኔም አስታማሚ እናቷ እየሰሙ «አልሰጥም!» አልኩት። ድምፃችን ከፍ አለ። ወላዷ የአልጋውን ብረት ጨብጣ አንዴ እሱን አንዴ እኔን ታያለች። ዶዙ ቀረ፣ እሷም ደህና ሆነች። መድኃኒቱን አለመስጠቴ ልክ ነበር፤ አነጋገሬ ግን ጥፋት ነበር። ማን ማንን ያዛል እያልን ስንጨቃጨቅ ስለ ጉልበቷ አንድ ቃል አልተነጋገርንም።

ዛሬ ከአልጋው ራቅ ብዬ «ዶክተር፣ ሽንቷ በ4 ሰዓት 70 ነው፤ እግሯም አይመልስም። ዶዙን ሳልሰጥ አቆይቼዋለሁ፣ እስቲ ናና አብረን እንያት» እላለሁ። መዶሻውን ራሱ ይዞ ጉልበቷን ሲመታ ክርክሩ ብዙ ጊዜ እዚያው ያልቃል። ካልመጣ ሲኒየር ሐኪሙን እጠራለሁ፤ እንደምጠራም አስቀድሜ እነግረዋለሁ፣ ከጀርባ መሄድ ቂም ያተርፋልና። የማግኒዚየሙ ማርከሻ ካልሲየም ግሉኮኔት አጠገቤ መሆኑን አያለሁ። ሰዓቱን፣ ቁጥሩንና ያነጋገርኩትን ሰው ቻርቱ ላይ እጽፋለሁ።

የተሳሳትኩበት ጊዜም አለ። የአንዲት እናት ግፊት ስለወረደ ማግኒዚየሙ ይቁም ብዬ ተሟገትኩ። አንድ ወጣት ሬዚደንት ሳይቆጣ አስረዳኝ፦ መድኃኒቱ የሚሰጠው ለግፊቱ ሳይሆን ለማንቀጥቀጡ ነው፤ ከወለደች ወይም ለመጨረሻ ጊዜ ካንቀጠቀጣት በኋላ፣ ከሁለቱ ከዘገየው ጀምሮ፣ 24 ሰዓት ይቀጥላል። «አንቺ ምን ታውቂያለሽ?» ብሎኝ ቢሆን ኖሮ፣ በሚቀጥለው ሌሊት ያየሁትን ለመናገር አፌ ይያዝ ነበር።

ተረኛ ሐኪሞች፣ እባካችሁ፣ ነርስ በሌሊት ስትደውልላችሁ መጀመሪያ «ምን አየሽ?» በሏት።