‹‹ገበያው ወዴት ነው?››



በእኛ በንፋስ መውጫ ሻይ ቤቶች ውስጥ ደጋግሞ የሚነሣ አንድ ጨዋታ አለ። ‹‹ጎንደር እህት ከተማ አላት፤ ባሕር ዳርም አላት፤ ለእኛስ ምነው አንድ እንኳ ቢፈለግልን?›› የሚል ነው። ይህን የሚሉ ሰዎች ለአገራቸው በጎ የሚመኙ ናቸው። አንድ ቀን ግን፣ ‹‹እህት ብናገኝ ምን እናደርግላታለን?›› ብዬ ብጠይቅ ቤቱ በሳቅ ሞላ። ‹‹ኡስታዝ ደግሞ! እነሱ ናቸው እንጂ የሚያደርጉልን!›› አሉኝ። ይህችን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ያ ሳቅ ነው።

እህት ከተማ የሚባለው ነገር ከየት እንደመጣ በአጭሩ እንይ። በአውሮፓ ልማዱ የጎለበተው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ነው። በጀርመን ቦምብ የፈራረሰችው የእንግሊዟ ኮቨንትሪ እ.ኤ.አ. በ1944 ከሩሲያዋ ስታሊንግራድ ጋር እህትማማች ሆነች። ሁለቱም የፍርስራሽ ክምር ነበሩ። የኮቨንትሪ ሴቶች ስማቸውን በመርፌ የጠለፉበትን የጠረጴዛ ልብስ ለስታሊንግራድ ሰዎች ላኩ። አንባቢ ሆይ፣ የተላከው ነገር ምን እንደሆነ ልብ በል። የእጃቸው ሥራ ነው፤ ስማቸውም በላዩ ላይ አለ። አሜሪካውያን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1956 በፕሬዚዳንት አይዘንሃወር አነሣሽነት ሕዝብን ከሕዝብ የማገናኘት ዕቅድ ብለው ሥራውን በድርጅት ደረጃ ያዙት። ወደ እኛ ስንመጣ፣ ባሕር ዳር እ.ኤ.አ. በ2004 ከኦሃዮዋ ክሊቭላንድ ጋር፣ ጎንደር በ2005 ከኦሪገኗ ኮርቫሊስ ጋር፣ በ2012 ደግሞ በሜሪላንድ ከምትገኘው የሞንትጎመሪ አውራጃ ጋር ተዛምደዋል። ጎንደር በእስራኤልና በፈረንሳይም እህቶች አሏት። አዲስ አበባ ከጀርመኗ ላይፕሲግና ከዋሽንግተን ጋር ያላትንም ዝምድና ብዙ ሰው ያውቀዋል።

ከእነዚህ ሁሉ ልቤ የሚያደላው ወደ ኮርቫሊስ ነው። ኮርቫሊስ ትልቅ ከተማ አይደለችም፤ ነዋሪዋ ስድሳ ሺህ ያህል ነው። ዩኒቨርሲቲ አላት፤ ጎንደርም እ.ኤ.አ. በ1954 ከተከፈተው የጤና ኮሌጅ የተነሣ ዩኒቨርሲቲ አላት። ሥራው በበጎ ፈቃደኞች ማኅበር የሚመራ ሲሆን፣ በጎንደር አካባቢ ለሚገኙ የገጠር መንደሮች ንጹሕ ውኃ እንዲወጣ አድርጓል። ይህን ያደረገን ሰው ማመስገን የእስልምና ሥነ ምግባር ነውና ምስጋናውን አላስቀርም። ለሰው ውኃ ማጠጣት በእኛ ዘንድ ምን ያህል ታላቅ ሰደቃ እንደሆነ ለዚህ መጽሔት አንባቢ አልነግረውም። ነቀፌታዬ ከዚያ ማዶ ነው።

አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል ሑጁራት 13ኛው አንቀጽ ሰዎችን ከአንድ ወንድና ከአንዲት ሴት እንደፈጠረ፣ ጎሣና ነገድ ያደረጋቸውም ይተዋወቁ ዘንድ እንደሆነ ነግሮናል። እዚህ ላይ የመድረሳ ሰው ነኝና አንድ የሰርፍ ነገር ላንሣ። አንቀጹ የሚጠቀምበት ቃል ‹‹ተዓሩፍ›› ከሚለው የወጣ ነው። ይህ የግሥ ሚዛን በሁለት ወገን መካከል የሚደረግን ድርጊት ያሳያል፤ አንዱ ብቻውን ሊፈጽመው አይችልም። አማርኛችንም ቢሆን ‹‹መታወቅ›› እና ‹‹መተዋወቅ›› ብሎ ሁለቱን ለይቶ አስቀምጧል። እንግዲህ በየከተማችን ‹‹የባህል ልውውጥ›› እየተባለ የሚካሄደውን ነገር በዚህ ሚዛን መዝነው። መታወቅ እንፈልጋለን። ታሪካችን እንዲታወቅ፣ ድህነታችን እንዲታወቅ፣ ጭፈራችን እንዲታወቅ። ከእንግዶቹ አገር ስለሚኖረው ሰው አንዲት ጥያቄ የጠየቀ ግን ስንቱ ነው?

አንድ ጊዜ ያየሁትን ልንገርህ፤ የከተማውን ስም አልጠራም። ከውጭ አገር ልዑካን ይመጣሉ ተብሎ ሦስት ትምህርት ቤት ተሰለፈ። የእኛም ልጆች ነሺዳ አጥንተው፣ የታጠበ ልብሳቸውን ለብሰው ቆሙ። ብርዱን የደጋ ሰው ያውቀዋል። ከረፋዱ እስከ ዙሁር ቆመው መኪኖቹ አለፉ፤ ከአንዱ መስኮት አንድ እጅ ተውለበለበ። አዳራሽ ውስጥ ንግግር ተደረገ፣ ጋቢ ተሸለመ፣ ፎቶ ግራፍ ተነሣ፣ ሥጋ ተበላ። በመጨረሻ ብዙ ካርቶን መጽሐፍ ተበረከተ። መጽሐፎቹን በኋላ አይቻቸዋለሁ፤ በውጭ አገር ቋንቋ የተጻፉ፣ ለልጆቹ ዕድሜና ትምህርት የማይሆኑ ነበሩ። ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎባቸው ቀሩ፤ ቁልፉን የያዘው ሰው ተዛወረ። ከልጆቹ አንዱ፣ ‹‹ኡስታዝ፣ ስማቸው ማን ነበር?›› ብሎ ጠየቀኝ። የአንዱንም ስም አላውቅም ነበር።

ሰጪው ወገን ክፉ ስለሆነ አይደለም እንዲህ የሆነው። ምን እንደሚያስፈልገን የጠየቀ የለም፤ እኛም ምን እንዳለን አልነገርንም። ስምምነቱ በሁለት ከንቲባዎች መካከል ይፈረማል፤ ከንቲባው ሲነሣ ፋይሉ ይዘጋል። ኮሚቴው ከመንግሥት ሠራተኛ ብቻ ይውጣጣል፤ ሸማኔው፣ ነጋዴው፣ የገጠሩ ገበሬ፣ ኢማሙና ቄሱ፣ የመንደር ሴቶች ማኅበር የሉበትም። ወደ ውጭ የሚሄድ ሰው ሲመረጥ ደግሞ (ይህን ስጽፍ ፈገግ እያልኩ ነው) ኮሚቴው ከራሱ የሚበልጥ የባህል አዋቂ አጥቶ ያውቃል?

አሁን ወደ ሙእኻት ልምጣ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መዲና በገቡ ጊዜ ሀብታቸውን መካ ጥለው የተሰደዱትን ሙሃጂሮች ከመዲና አንሷሮች ጋር ወንድማማች አደረጓቸው። የተዛመደው ሰው ከሰው ጋር ነው፤ እያንዳንዱ የወንድሙን ስም ያውቃል። ለዐብዱረሕማን ኢብን ዐውፍ (ረ.ዐ.) የደረሰው ሰዕድ ኢብን ረቢዕ (ረ.ዐ.) ነበር። ሰዕድ ሀብታም ስለነበረ ገንዘቡን ለሁለት ከፍሎ ግማሹን ሊሰጠው አቀረበለት። ዐብዱረሕማን በገንዘብህ አላህ ይባርክልህ ብሎ መረቀውና ገበያው ወዴት እንደሆነ ጠየቀው። ወደ በኑ ቀይኑቃዕ ገበያ ወጣ፤ አይብና ቅቤ አትርፎ ተመለሰ። ጥቂት ቆይቶም ሚስት አግብቶ በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ፊት ሲቀርብ በአንድ በግም ቢሆን ድግስ እንዲደግስ አዘዙት። ታሪኩ በቡኻሪ ተዘግቦ ይገኛል።

እኛ ይህን ታሪክ በሚንበር ላይ ስናወራ የሰዕድን ልግስና እናደንቃለን፤ የዐብዱረሕማንን ጥያቄ ግን ዘለል አድርገን እናልፋታለን። ሰዕድ የሰጠው ትልቁ ነገር ያ ያልተወሰደው ግማሽ ገንዘብ አይደለም። መንገዱን ማሳየቱ ነው። ዐብዱረሕማንም ስጦታውን ስላልወሰደ ወንድምነቱ አልቀረበትም፤ እንዲያውም ቀና ብሎ የሚያየው ወንድም ሆነለት። አይብና ቅቤ ደግሞ፣ ወገኔ የጋይንት ሰው፣ ከእኛ ገበያ መቼ ጠፍቶ ያውቃል?

ይህ ነገር በእኛ አካባቢ ከሌላው ይልቅ የሚከብድበት ምክንያት አለ። ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ በድርቅና በመሬት መራቆት የተጎዱ ወረዳዎች ናቸው። ከ1977ቱ ረኀብ ወዲህ የእርዳታ ስንዴ ያልቀመሰ ቤት ጥቂት ነው፤ ከ1997 ዓ.ም ጀምሮ ደግሞ ሴፍቲኔት ገብቷል። የተራበን ሰው ለምን ተሰለፍክ ብዬ አልወቅስም፤ አላህ ከዚያ ይጠብቀኝ። ሆኖም በስም ዝርዝር ተጠርቶ የሚቀበል ልጅ፣ ከውጭ የመጣን ሰው ሁሉ መዝገብ እንደያዘ አድርጎ ማየት ይጀምራል። እህት ከተማ ቢመጣልን ሌላ የራሽን ሰልፍ እንዳይሆን ነው ፍርሃቴ። የሻይ ቤቱም ሳቅ ከዚያው የመጣ መሰለኝ።

ደግሞ ልውውጥ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። የጋይንት ደረሳ በሽሎን ተሻግሮ ወሎ ይዘልቅ ነበር፤ ዳና፣ ጌታና ጃማ ንጉሥ የታወቁ የዒልም ማዕከላት ነበሩ። እኔም በልጅነቴ ተሻግሬያለሁ። እራቴ ከአንድ ቤት ይመጣልኝ ነበር። እኔ በፈንታዬ ለቤቱ እመቤት ውኃ እቀዳለሁ፣ ከዐረብ አገር የሚመጣውን የልጃቸውን ደብዳቤ አነብላቸዋለሁ፣ መልሱንም እጽፋለሁ። ለዚህ የፈረመ ከንቲባ የለም። እኔ ኒካሕ ባሰርኩ ጊዜ ከዚያ ቤት ሙክት ይዘው ያን ሁሉ መንገድ መጡ፤ አባወራው የሞቱ ጊዜ እኔ ለቅሶ ደረስኩ። የመንዙማውን ዜማም ከዚያ ይዤው መጣሁ፤ ዛሬ ልጆቼ የዚሁ የጋይንት አድርገው ያውቁታል።

በዚህ አጋጣሚ እኛ ሙስሊሞች በራሳችን ላይ አንድ ነቀፌታ እናንሣ። የክልላችን ‹‹ባህል›› በመድረክ ሲቀርብ መንዙማው፣ የሐድራው ሥርዓት፣ የሙስሊም ሸማኔው ጥበብ፣ የደሪጣ ነጋዴዎች ታሪክ አይታይም እያልን እናማርራለን። ቅሬታው እውነት አለው። ነገር ግን ለስብሰባ ጠርተውን የቀረንበት ጊዜም አለ። ‹‹የእነሱ ጉዳይ ነው›› ብለን ቤታችን ተቀምጠን፣ በማግስቱ ለምን አልተነሣንም ማለት አይሆንም።

መጠየቅ ብንችል የምንጠይቀው ሞልቶ ነበር። ክሊቭላንድ ኤሪ በሚባል ታላቅ ሐይቅ ዳር ያለች ከተማ ናት። በውስጧ የሚያልፈው የካያሆጋ ወንዝ ከፋብሪካ በተደፋበት ዘይትና ቆሻሻ የተነሣ እ.ኤ.አ. በ1969 በእሳት ተያይዟል። ውኃ ነደደ ማለት ነው! ያን ወንዝ ለማጽዳት ምን ሕግ አወጡ፣ ማን ከፈለ፣ ስንት ዓመት ፈጀ? እኛ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ ጣናን እየወረረ ያለው እንቦጭ አለብን። በዚያው በኤሪ ሐይቅ ላይ በበቀለ መርዛማ አልጌ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2014 ቶሌዶ በምትባል ጎረቤት ከተማ ግማሽ ሚሊዮን ያህል ሰው ለቀናት የቧንቧ ውኃ እንዳይጠጣ ተከልክሎ ነበር። እንግዲህ የእነሱም ሐይቅ ገና አልዳነም። የደንቢያና የፎገራ ገበሬ በእጁ አረም እየነቀለ ያወቀው ነገር እዚያ ለሚሰማ ሰው ትምህርት አይሆንም ያለ ማን ነው? ሁለት የታመሙ ሐይቆች ያሏቸው እህቶች የሚያወሩት አያጡም።

ነሐሴ 2013 ዓ.ም ንፋስ መውጫ ላይ የደረሰውን ለማስታወስ ቀለም ይከብደኛል። ከተማው ለዘጠኝ ቀን ያህል በታጣቂዎች እጅ ነበር። ሆስፒታሉ ተዘረፈ፤ በሴቶቻችን ላይ የተፈጸመውን ግፍ አምነስቲ ኢንተርናሽናል በዚያው ዓመት በኅዳር (በእኛ 2014) ለዓለም አውጥቶታል። በዚሁ መንገድ ጫፍ ላይ ያለችው ወልድያም በዚያው ነሐሴ ተያዘች፤ እስከ ታኅሣሥ 2014 በዚያው ቆየች። ሁለታችንን የሚያገናኘን ቻይናዎች የሠሩት መንገድ ነው፤ በደህናው ጊዜ የጠዋት መኪና የያዘ ሰው በቀን የሚገባበት ነው። ነገር ግን የእኛ ሴቶችና የወልድያ ሴቶች አንድ ቀን ተቀምጠው ስለዚያ ክረምት ቢጨዋወቱ የሚል ሐሳብ በአንድም ስብሰባ ሲነሣ አልሰማሁም። እህት ለመፈለግ ባሕር መሻገር አለብን የሚል ትእዛዝ ከየት መጣ? ከ2015 ዓ.ም መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የተነሣው ግጭት ጉዞውን እንዳከበደው አውቃለሁ። ደብዳቤ ግን መጻፍ ይቻላል፤ ስልክም አለ።

የሐበሻው ንጉሥ ነጃሺ ሲሞት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በመዲና ሆነው ሶሓቦችን አሰልፈው የሩቅ ሶላት ሰግደውለታል። የተሰደዱት እንግዶች አገራቸው ከተመለሱ በኋላም ዝምድናው አልተቋረጠም ነበር፤ የሞቱ ዜና ደረሰ፣ ለቅሶም ተደረሰ። በእህት ከተማ ፋይል ውስጥ እንግዲህ ቢያንስ ይህ ይኑር፦ በዚያ ማን እንደሞተ፣ ማን እንደወለደ የሚያውቅ አንድ ሰው፣ በየወሩ የሚጽፍ አንድ እጅ፣ ከንቲባ ሲቀየር የማይቀየር አንድ ማኅበር። ወጪው የቴምብር ያህል ነው።

በቀደም ሻይ ቤቱ ውስጥ ጨዋታው እንደገና ተነሣ። እኔም የዐብዱረሕማንን ታሪክ አወራኋቸው። በዚህ ጊዜ ማንም አልሳቀም። አንድ አረጋዊ ሸማኔ ብርጭቋቸውን አስቀመጡና፣ ‹‹እንግዲያስ ኡስታዝ፣ ስትጽፉላቸው ገበያቸው በምን ቀን እንደሚውል ጠይቁልን›› አሉ።